የእህቴ እጢ የእኔም ጉዳይ ነው? ብዬ ጠይቄ የመጣብኝ መልስ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሑድ ማታ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ። እዚህ መድረክ ላይ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው የሚያወራው ስለ ውሃ ፈረቃ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ሐረጎ መንገድ ነው። ስለ ማህፀን የጻፈ ሰው አላየሁም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በአራተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩት። አሁን ክሩ ረዝሟል። መሃሉ ላይ የሚገባው ሰው ሁሉ ግራ እየተጋባ ስለሚጠይቀኝ፣ ማን ምን እንዳለ ከመጀመሪያው ልተርከው።

መነሻ ጽሑፌ ይህን ይመስል ነበር።

እህቴ 43 ዓመቷ ነው፤ ኮምቦልቻ ትኖራለች። ከወር አበባዋ ውጭ ደም ይታያት ጀመር። የዕድሜ ነው እያለች ዓመት አሳለፈች። በመጨረሻ ናሙና ተወሰደና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ተባለ። ማህፀኗ ወጣ። የወጣውን ወደ ፓቶሎጂ፣ ከሰውነት የወጣ ሥጋ ወደሚመረመርበት ላብራቶሪ፣ ያደረሰው ባሏ ነው። ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ፈሳሽ ባለበት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ፣ በጥቁር ፌስታል። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ በሚኒባስ። ሐረጎን ሲወጡ መኪናው በየኩርባው ያጋድላል። እሱ ባልዲውን በሁለት ጉልበቱ ቆልፎ ይዟል። ጎኑ የተቀመጡ እናት ማር ይዞ እንደሆነ ጠየቁት። አዎ አላቸው። ያቺ ውሸት እስከ ዛሬ ትከነክነዋለች።

ውጤቱ ደህና ነበር። አልተሰራጨም፣ በሙሉ ወጥቷል፣ ፈጣሪን አመስግኑ ተባልን። አመሰገንን። ሌላ ነገር ግን ማንም አልጠየቀንም። እናታችን ከ12 ዓመት በፊት፣ በ52 ዓመቷ ሞተች፤ በሆድ ነው የተባለው። ታላቅ ወንድሟ ሐይቅ ላይ ወፍጮ ነበረው። ከእሷ ቀድሞ በ48 ዓመቱ ሄደ፤ እሱም በሆድ። እኛ ቤት ሰው የሚሞተው በሆድ ነው። ሆድ ውስጥ ግን ስንት ነገር አለ?

እኔ 37 ዓመቴ ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። የእህቴ እጢ ለእኔም ለልጆቼም የሚተርፍ ነገር አለው ወይ? ልጅ ስንድር ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ከሰባቱ ሦስቱ ቤት ውስጥ ማን በምን እንደሞተ ግን አንጠያየቅም። ብዬ ጨረስኩ።

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። እንደ አገራችን ወግ በአብሽሪ ጀመረ። ካንሰር በዘር እንደማይሄድ፣ የሚመጣው ከሚረጋ ዘይትና ከታሸገ ምግብ እንደሆነ አረጋገጠልኝ። ኑግ እንድጨምቅም መከረኝ። ደግ ሰው ነው። ኑጉንም ወድጄዋለሁ። መልሱ ግን ስህተት ነበር።

2ኛዋ ሴት ናት። የማህፀን ካንሰር ሁሉ በቫይረስ እንደሚመጣና ቫይረሱም በግንኙነት እንደሚተላለፍ ጻፈች። ከዚያ የእህቴን ባል ጠባይ በዘወርዋራ ጠየቀች። ባልዲ በጉልበቱ ይዞ ሐረጎን የወጣ ሰው! ስልኩን አስቀምጬ ወጥ ቤት ገባሁ። ስመለስ 3ኛው መልስ ደርሶ ነበር።

3ኛዋ ነርስ መሆኗን ተናግራለች። ክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትመለሳለች፣ ስለዚህ ነርሷ እያልኩ እጠራታለሁ። ሰው ማህፀን እያለ በአንድ ስም የሚጠራቸውን ሦስት ቦታዎች ለያየች። የማህፀን በር ካንሰር ኤችፒቪ ከሚባለው ቫይረስ ነው። በጤና ጣቢያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በሩ በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶላቸው ነጭ የሚሆን ቦታ ካለ የሚታዩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባትም ለዚሁ ነው። የማህፀን ግድግዳና የእንቁላል ማምረቻው፣ ማለትም ኦቫሪው፣ ሌላ ናቸው። በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው የዘር ነገር የሚነሳው። ከ100 የማህፀን ግድግዳ ካንሰሮች 3 ያህሉ ሊንች ከሚባለው የዘር ችግር ይመጣሉ። በኦቫሪ ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ የዘር ነው። አብዛኛው ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉ ጂኖች ምክንያት።

ስለዚህ ከ100ው 97ቱን ይህ እንደማይመለከት ነገረችኝ። ትንሽ ተነፈስኩ። ቀጥላ ግን፣ ማህፀንና አንጀት አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ስሌቱ እንደሚለወጥ አከለች። ሊንች የሚወዳቸው ሁለቱን ነውና። አንድ አሮጌ መለኪያ እንዳለም ጻፈች፤ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባል። ሦስት የታመሙ ዘመዶች፣ አንዱ ለሌሎቹ ሁለት ወላጅ፣ ልጅ ወይም ወንድምና እህት የሆነ፤ ሁለት ተከታታይ ትውልድ፤ ከ50 ዓመት በታች የታመመ አንድ ሰው። ጣቴን አጠፍኩ። አጎቴ፣ እናቴ፣ እህቴ። እናቴ ለአንዱ እህት፣ ለሌላዋ እናት። የእኔና የእህቴ ትውልድ፣ የእናቴ ትውልድ። አርባ ሦስት ዓመት። የሁሉም ሆድ አንጀት ከሆነ ማለት ነው። ያንን ግን አላውቅም ነበር።

4ኛው ነገሩን ወደ ሌላ ወሰደው። ወሎ ሁሉ ሰባት ቤት እንደማይቆጥር፣ የእሱ አያቶች የአጎት ልጆች እንደነበሩና ደህና እንደኖሩ ጻፈ። እውነቱን ነው። የጻፍኩት በእናቴ ወገን ልማድ ነው። በአባቴ ወገን ያሉት ሙስሊሞች ሌላ ልማድ አላቸው። የወሎ ሰው ሆኜ ይህን መርሳቴ አሳፍሮኛል፤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

5ኛው ክሩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የወደድኩት ነው። የባዮሎጂ መምህር ይመስለኛል። የጻፈው ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 አሜሪካ፣ ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም ነበር። ልብስ የምትሰፋለት ሴት አንድ ቀን አዝና አገኛት። ገና በወጣትነቷ እንደምትሞት ነገረችው። የምትሞተውም በማህፀን፣ ካልሆነም በአንጀት ወይም በጨጓራ ካንሰር እንደሆነ። ዘመዶቿ የሚሞቱት በዚያ ነበርና። እንዳለችውም በማህፀን ካንሰር ሞተች። ሐኪሙ ቃሏን አልጣለም። ዘመዶቿን አንድ በአንድ መዝግቦ በ1913 አሳተመ። ኋላ ሄንሪ ሊንች የሚባል ሐኪም ተቀብሎ ቀጠለበት፤ በሽታውም በእሱ ስም ተጠራ። በ2000 በዚያው ቤተሰብ ውስጥ የተበላሸው ጂን ኤምኤስኤች2 የሚባለው መሆኑ ታወቀ። ልብስ ሰፊዋ ከተናገረች ከ105 ዓመት በኋላ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላብራቶሪ አልነበራት። ያላት ማን በምን እንደሞተ ማወቋ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ደረጃ ሲታይ ብዙ ነው።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ለምን እንደተጻፉ ፈጣሪ ይወቅ። ልብስ ሰፊ የሚለውን ቃል ያየ አንድ ሰው ፒያሳ አካባቢ ዩኒፎርም በጥሩ ዋጋ የሚሰፋ ጠየቀ። ሌላው ሸዋ በር ያለውን ጠቆመው። ሦስተኛዋ የሸዋ በሩ ሰው ዚፕ እንደማይችል፣ የልጇ ሱሪ በሳምንቱ እንደተከፈተ አስጠነቀቀች። አራተኛው ዚፑ የቻይና ስለሆነ ጥፋቱ የሰፊው እንዳልሆነ ተከራከረ። ደሴ ናት፤ ለቅሶ ላይም ተቀምጠን የበግ ዋጋ እንጠያየቃለን።

10ኛው ጨዋታውን አቆመው። ስም የሌለው፣ ፎቶ የሌለው ሰው ነው። የቤተሰቤን ገመና አደባባይ እንዳወጣሁ ከሰሰኝ። የዚህ ዓይነት ወሬ ከተሰማ የእኔንም የእህቴንም ልጆች የሚያገባ እንደማይገኝ አስታወሰኝ። አያቶቻችን በሽታን በስሙ የማይጠሩት አላዋቂ ሆነው እንዳልሆነም ጨመረ። ክሩን እንዳጠፋ አዘዘኝ። አዘዘኝ ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለውም።

እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከእኔ በፊት ግን 11ኛዋ ደረሰችበት። እናቷም ታላቅ እህቷም በኦቫሪ ካንሰር ሞተዋል። እህቷ ለሕክምና ሕንድ በሄደች ጊዜ ደሟ ተመርምሮ ብራካ 1 ላይ ስህተት ተገኘ። ተመልሳ ለእህቷ ነገረች። ይህቺም ተመረመረች፤ እሷም አለባት። የብራካ 1 ስህተት ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ በኦቫሪ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 44 ያህል ነው። በብራካ 2 ከመቶ 17። ሌላዋ ሴት ከመቶ አንድ ገደማ ናት። የጡቱ ደግሞ በሁለቱም ከመቶ ወደ 70 ይጠጋል። 11ኛዋ ሦስት ልጅ ወልዳለች። በ39 ዓመቷ ኦቫሪዋንና ቱቦዎቿን አስወጣች። በብራካ 1 ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ከ35 እስከ 40 ባለው ነው፤ በብራካ 2 ከ40 እስከ 45 ይቆያል። ሙቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ቀላል እንዳልሆነም አልደበቀችም። ወደ 10ኛው ዞራ፣ ትዳሯ ደህና እንደሆነ፣ ባሏ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ሳምንት ሾርባ እንደሠራላትና የእሱ ዓይነት አማች ግን ለልጆቿ እንዳትመኝ ገለጸችለት።

12 እና 13 የሉም። አስተዳዳሪው አጥፍቷቸዋል። አይቻቸዋለሁ። አይጠቅሙም።

14ኛው ወንድ ነው። በሽታው የሴት ስለሆነ በእናት በኩል ብቻ መሄድ እንዳለበት፣ የአጎቴ ነገር እንደማይቆጠር ጻፈ። በትህትና ነው የጻፈው፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነርሷ በ15 ተመለሰች። ጂኑ ወንድ ሴት አይልም። ከአባትም ከእናትም ይመጣል። ስህተቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ሳንቲም እንደ መወርወር፣ ጎፈር ወይ ዘውድ። አባት ራሱ ሳይታመም ለሴት ልጁ ሊያወርሳት ይችላል። ወንድ የበዛበት ቤተሰብ ውስጥ ብራካ ሳይታይ ትውልድ የሚያልፈው ለዚህ ነው። በሊንች ደግሞ ወንዱም በአንጀት ይያዛል።

16ኛው ሐጂ የሚባሉ አባት ናቸው። ሁሉም ቀዷ እንደሆነ፣ የተጻፈው እንደማይቀር፣ እህቴን ዱዓ እንድናደርግላት መከሩ። 17ኛው፣ ሙስሊም ልጅ ይመስለኛል፣ በአክብሮት ግመሉን አስሮ በአላህ ስለ መመካት የሚናገረውን ሐዲስ አስታወሳቸው። ሐጂም መልሰው ግመሉን ማሰሩን እንዳልተቃወሙ፣ ገመዱ ስንት እንደሚሸጥ ብቻ እንደሚጠይቁ ጻፉ። ሳቅኩ። ገመዱ ውድ ነው፤ ወደሱ እንመጣለን።

18ኛው መፍትሔ ያገኘ መሰለው። በየዓመቱ አልትራሳውንድና ሲኤ 125 የሚባለውን የደም ምርመራ ማድረግ ብቻ በቂ እንደሆነ፣ እሱ የሚያውቀው ክሊኒክ ሁለቱንም በጥቅል እንደሚሠራ ጻፈ። ማስታወቂያ ሸተተኝ። በ19 አንድ ሐኪም ገባ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ብሪታንያ ውስጥ ከ200,000 በላይ ሴቶች በተሳተፉበት ጥናት ግማሽ ያህሉ ለዓመታት በአልትራሳውንድ ወይም በዚህ የደም ምርመራ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ መውጣቱንና በኦቫሪ ካንሰር የሚሞተውን ቁጥር አለመቀነሱን ነገረው። ጥቅሉ አልተመለሰም።

20ኛዋ የሚያመኝ ቦታ ላይ መታችኝ። ስለ ጂን አልጻፈችም። እህቴ ይህ ሁሉ መጻፉን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀች። ማህፀኑ የእሷ፣ ገመናው የእሷ፣ ክሩን የምከፍተው እኔ ማን ሆኜ እንደሆነ። መልስ አልነበረኝም። እህቴ አታውቅም ነበር።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስልኬን ሰጠኋት። ቡና እየቆላች ነበር። ማንበብ ጀመረች፣ ቡናው ማረሩን ሁለታችንም አላየንም። ስለ ባልዲው አታውቅም ነበር። ማሩ ጋ ስትደርስ ከት ብላ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ፣ ስፌቱ እስኪያማት። ከዚያ ዝም አለች። ደግማ ጀርባዋን ሰጥታኝ ብረት ምጣዱን እየፈተገች፣ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አለች። አዎ። ምንም አልነበረበትም። ክሩ ይቆይ ያለችው እሷ ናት፤ ወንድ ልጇ 19 ዓመቱ ነው፣ የ15ኛውን መልስ ሦስቴ አንብባዋለች።

21ኛው ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ክሩን የለወጠው እሱ ነው። ሁላችንም ስለ እኔ ደም ስንጨነቅ፣ እሱ የእህቴ ብሎክ የት እንዳለ ጠየቀ።

ብሎክ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከወጣው እጢ ላይ ትንሽ ይቆረጥና ሰም ውስጥ ይከተታል። ከሰሙ ጋር በስሱ እየተላጠ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የቀረው ብሎክ ለዓመታት ይቀመጣል። ምርመራ ከጤነኛው ሳይሆን ከታመመው እንደሚጀመር አስረዳኝ። ጤነኛዋ እኔ ተመርምሬ ምንም ባይገኝብኝ፣ ከቤተሰቡ ስህተት ያመለጥኩ ልሁን ወይስ ስህተቱ ያልተፈለገበት ቦታ ይሁን አይታወቅም። በእህቴ ላይ ከተገኘ ግን እኔን የሚፈልጉኝ ያቺኑ አንዷን ስህተት ነው። አለች ወይ የለችም፤ በቃ።

መጀመሪያ ደግሞ ደም እንኳ አያስፈልግም። ሴሉ ዘረመሉን ሲገለብጥ ቁም ጸሐፊ ብራና እንደሚገለብጥ ነው፣ ይስታል። የሳተውን የሚያርሙ አራት ፕሮቲኖች አሉ፤ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6። ከብሎኩ ስስ ቁራጭ ተላጦ ለእያንዳንዱ ቀለም ይደረግለታል። ቡናማ ከሆነ አራሚው አለ። ካልያዘ ጠፍቷል። ኤምኤልኤች1 ጠፍቶ ከተገኘ ወዲያው የዘር ነው አይባልም። ብዙ ጊዜ እጢው ውስጥ ብቻ ድምፁ የታፈነ ጂን ነው፣ ለዚያ ሌላ ምርመራ አለ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር የተገኘባትን ሴት ሁሉ ዕድሜዋ ምንም ይሁን እንዲህ እንድትመረመር እንደምትመክርም ጻፈ። ሊንች ካለባቸው ሴቶች ማህፀንም አንጀትም ከሚታመምባቸው ውስጥ በግማሽ ያህሉ ቀድሞ የሚመጣው የማህፀኑ ነው። ማህፀኑን ያየ ሐኪም አንጀቱን ከዓመታት በፊት ማስጠንቀቅ ይችላል ማለት ነው።

22ኛው አጭር ነው። የእናቱ ብሎክ በእኛ አቆጣጠር በ1914ቱ ጦርነት፣ የነበረበት ቤት ሲዘረፍ መጥፋቱን ብቻ ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ምን እንደምል አላወቅሁም። በማግስቱ ግን እህቴ የፈረመችበትን ወረቀትና የመታወቂያዋን ኮፒ ይዤ በጠዋት ሄድኩ።

ላብራቶሪው ደረጃ ሥር ነው። ልጁ ጥፍሩ ውስጥ ሰም ገብቷል። የካርድ ቁጥሯን ነገርኩት። መሳቢያ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሌላ ከፈተ። ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። አንዴ የጠፋ መሰለኝና ጉልበቴ ራደ። ከዚያ ሦስት ፍሬ አወጣ፣ በላስቲክ ታስረው። ክብሪት ቀፎ የማይሞሉ የፕላስቲክ ክፈፎች፣ ላያቸው ላይ በእርሳስ ቁጥር። ነጭ ሰም፣ ውስጡ ጥፍር የምታክል ቡናማ ነገር። ማር ነው ተብሎ ሐረጎን የወጣው ይኸው ነው። የያዝኩት ሰሙን ነበር።

23ኛው ስለ ገመዱ፣ ስለ ገንዘቡ ማለቴ ነው፣ ተቆጣ። የጂን ምርመራ ናሙና ወደ ውጭ እንደሚላክና ዋጋው የአንድ መምህር የወራት ደሞዝ እንደሚሆን ጻፈ። ሴቱ ለማህፀን በር እንኳ ሳይመረመር ስለ ሊንች ማውራት ቅንጦት እንደሆነ። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ቀጥሎ የሚበዛው ካንሰር የማህፀን በር ነው፣ ይህን ነርሷም አልካደችም። ግን ሁለቱ አይጣሉም። ማን በምን ሞተ ብሎ ለመጠየቅ ብር አያስፈልግም። እኔ በዚህ ላይ ቁርጥ አቋም ይዣለሁ፤ 23ኛው ደግሞ እስከ አሁን አልተቀበለኝም።

24ኛዋ ከዋሽንግተን ናት፣ የዱሮ የደሴ ልጅ። በጡት ካንሰር ታክማ 80 ያህል ጂን ታይቶላት፣ አንዱ ላይ ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ አለ ተባለች። አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ንጽጽሩ የሚሠራበት መዝገብ በአብዛኛው የአውሮፓ ዘር ያላቸውን ሰዎች የያዘ ስለሆነ፣ አፍሪካውያን ላይ እንዲህ ያለ መልስ ይበዛል። ሐኪሟ በዚያ ለውጥ ተነስታ ምንም እንዳታስወጣ ነግሯታል። ቁጥብ ሐኪሙ ይህንን በአንድ መስመር ደገፈው።

25ኛው፣ ማወቁ ምን ይረባል ብሎ ጠየቀ። ነርሷ በ26 መለሰች። ሊንች የተገኘበት ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አንጀቱ በካሜራ ይታያል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት ፖሊፕ የሚባለው ትንሽ ሥጋ እዚያው ይቆረጣል። ሴቷ ወልዳ ስትጨርስ ማህፀኗንና ኦቫሪዋን ስለማስወጣት ከሐኪሟ ጋር ትመካከራለች። አስፒሪን ለዓመታት መውሰድም የአንጀቱን ካንሰር እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ጨጓራ ስለሚያደማ ግን ያለ ሐኪም አይጀመርም። 1ኛው ኑግ ለጨጓራ ይረዳ እንደሆነ ጠየቀ። ተስፋ አይቆርጥም።

ብሎኩ አዲስ አበባ ሄዶ ውጤቱ መጣ። ኤምኤልኤች1 ቡናማ። ፒኤምኤስ2 ቡናማ። ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤስኤች6 ቀለም አልያዙም። ሁለቱ ጥንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሲጠፋ ሌላውም ይከተላል። የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ጂን። ቀጣዩ የእህቴ ደም ነው፣ ገንዘቡን ቅሬያችን፣ እድራችን ማለት ነው፣ በብድር ያግዛል።

ያን ማታ መርሳ ያለችውን አክስቴን ደወልኩላት። የእናቴ ታናሽ ናት። መጀመሪያ በሆድ ነው አለች፣ እንደ ወትሮው። ሆድ የትኛው አልኳት። ስለ እህቴ ወረቀት ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። እናቴ ተከፍታ እንደነበር፣ አንጀቷ ላይ እጢ ተገኝቶ እንደነበር፣ ለልጆቹ አትናገሩ ብላ እንዳስማለቻቸው ያን ጊዜ ነገረችኝ። አጎቴም ያው። አያቴ ደግሞ ደም ሲፈሳት ከርማ ነው የሄደችው። አያቴን አልቆጠርኳትም ነበር።

ይህንን ክሩ ላይ ጻፍኩት። 27ኛው መልስ ሌሊት ሰባት ሰዓት መጣ። ወፍጮው ሐይቅ ላይ ከመስጊዱ በላይ ይሁን በታች ነው የሚጠይቀው። ሌላ ምንም የለውም።

ከመስጊዱ በላይ ነበር። ጠያቂው የአጎቴ ልጅ ነው። በወፍጮው ውርስ ከተጣላን ጀምሮ አንነጋገርም። ኮምቦልቻ እንደሚኖር እንኳ አላውቅም ነበር። 39 ዓመቱ ነው። ሰባት ወር ሙሉ ሽንት ቤት ሲቀመጥ ደም እያየ፣ ኪንታሮት ነው ብሎ ቅባት እየገዛ ይቀባል። ስልክ ተለዋወጥን። ስለ ወፍጮው አላነሳንም።

የአንጀት ምርመራው ነገ ነው። ዛሬ ከሰዓት በ31ኛው መልስ አንጀት የሚያጥበውን መጠጥ ረገመው። ጨው ሎሚና ሳሙና አንድ ላይ የሆነ እንደሚመስል ገለጸ። ቡና መጠጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ ወተት እስካልገባበት እንደሚፈቀድለት ነገረችው። አሁን ደግሞ ፈቃዱ ለአቦል ብቻ ይሁን ወይስ እስከ በረካ የሚዘልቅ እየጠየቀ ነው።